የዲንሳ ሚዛን

ዓለም ገና፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ብስክሌቴን ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ አስደግፌ፣
«ዲንሳ፣ መዝንልኝ» አልኩት ሻንጣዬን አቅፌ።
ሞተሩን ገና አላስነሳም፤
ሽፋሽፍቱ ላይ የትናንት ዱቄት ነበረ፤
ሻንጣዬን ተቀብሎ ከእህል ሚዛኑ ላይ አኖረ።
መርፌው ዘለለ፣ ዋለለ፣
አስራ ዘጠኝ ላይ ደርሶ አልነቃነቅ አለ።

«አስራ ዘጠኝ ኪሎ! የስንት ቤተሰብ አስቤዛ ነው?
ወዴት ነው?»
«ጅማ።»
«በዚህ?» ጎማዬን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና፣
«ጊቤ ድረስ መውረዱስ ይሁን፣ ቁልቁለት ነውና፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት
በምን ልትገፋው ነው፣ በአርባ ስድስት ዓመት ጉልበት?»

ጆንያ አነጠፈ። ዘረገፍኩት።
ሁለተኛ ጫማ። «እግርህ ስንት ነው?»
ጃንጥላ። «በየትኛው እጅህ ልትይዘው?»
ቡታጋዝ ከነድስቱ። ይሄኔ ሳቁ አመለጠው።
ከሦስት ሱሪ ሁለቱን ተውኩ፤
ፎጣውን ከመሃል ተረተርኩት፣
የጥርስ ብሩሼን ከአንገቱ በታች በፒንሳ ቆረጥኩት።
አንብቤ ያልጨረስኩት መጽሐፍ ነበረ፤
ያነበብኩት ለዲንሳ፣ ለወረፋ ጠባቂ ቀረ፣
ስልሳውን ቅጠል ገንጥዬ ያዝኩ።
መጨረሻውን ስመለስ እነግረዋለሁ፣
ወይ ሳልነግረው አናድደዋለሁ።

ከሥር ቁልፍ ወጣ። አስራ ሰባት ቁጥር፣ አፉ የዛገ፣
የወንድሜ የየሺጥላ።
ከዚህ ብስክሌት አንድ ብሎን እንኳ አይፈታም፤
ዲንሳም ያውቃል፣ እኔም አላጣሁትም።
ለብቻው አንስቶ መዘነ፤
ግማሽ ኪሎ ሆነ።
መርፌውን አየ፣ እኔን አየ፣
በሹራቤ ጠቀለለና መልሶ ከሻንጣው ከተተው።
ስለ እሱ አልተነጋገርንም።

የተረፈው ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ ፒንሳ፣
ለዝናብ አንድ ላስቲክ፣ ግማሽ ፎጣ፣ ውሃ።
አስር ኪሎ፣ ትንሽ ፈሪ።
ፖርቶ መጋላው ላይ በጎማ ገመድ ወጥሬ አሰርኩት፣
ብስክሌቱን ይዤ ነቅነቅ አደረግኩት፤
ትናንት እንደ ዕቃ ቤት ሲንኳኳ ያመሸው
ዛሬ ትንፍሽ አላለም።

እግሬን ላነሳ ስል «ቆይማ» አለ፣
ከጓዳ ፌስታል አምጥቶ ከመሪው ላይ አንጠለጠለ፤
«በሶ ነው፣ ማታ የፈጨሁት።»
«ይሄንንስ አትመዝነውም?» አልኩት።
«ይሄ አይመዘንም» አለ፣ «እየሄድክ የሚቀል ሸክም ነው።
ጃንጥላህን ግን በሁለት ሳምንት ካልመጣህ
እወቀው፣ የኔ ነው።»

ሰበታን ሳልፍ ፀሐይ ወጣች።
አይሱዙ በአይሱዙ ላይ ጥሩምባ እየነፋ
አቧራውን አልብሶኝ አለፈ።
ዳገቱ ላይ የዲንሳ ፌስታል መሪዬን ወደ ግራ ጎተተኝ፤
ወረድኩ፣ ከቦዩ ዳር ተቀመጥኩ፣ ገና ሳይርበኝ
በክዳን በጥብጬ ጠጣሁ።
አንድ ክዳን ያህል ቀለለኝ።

ከዚያ ሽቅብ። ጉድጓድ ባገኘሁ ቁጥር
ከሹራቡ ውስጥ ሆኖ፣ ድፍን ባለ ድምፅ፣
ምንም የማይፈታው ቁልፍ
ብረቱን መታ ያደርጋል።