የሦስተኛው ፎቅ ቆሻሻ

በረኛ ነኝ እኔ፣ ሞንቴቪዴዮ ላይ፤
ወንዙ ባሕር ያህላል፣ ማዶው አይታይ።
አሳንሰሩ አርጅቷል፣ ሲወጣ ያስላል፤
ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ትንሽ ያመነታል።
ሦስት በር አለ እዚያ፣ ሦስት የናስ ሰሌዳ፤
ሦስቱም ምክር ቤት ነው ላላወቀ እንግዳ።

እኔ ግን አውቃለሁ፤
ማታ ማታ ቆሻሻ የማወጣው እኔ ነኝ፤
ሰው ከሚያወራው ይልቅ የጣለው ነገር ነው እውነቱን የነገረኝ።

ከኢሪጎይቲ ቅርጫት፣ ከድርጅት አማካሪው፣
የተሰረዘ ቁጥር፣ ቀስቱ ወደ ታች የሚያመለክት ሥዕል ነው።
ከፍሎሬንሲያ፣ ከኮቿ፣ ቢጫና ሮዝ ብጣሽ ወረቀት፣
"እስከ ማክሰኞ" የሚል፣ ሁለቴ የተሰመረበት።
ከግራሲኤላ፣ ከሥነ ልቦና ሐኪሟ፣
መሐረብ።
ሌላ ምንም።

ዊልማር ጃንጥላ ቤት ነበረው፣ ከአባቱ የወረሰው ከነስሙ ከነበሩ፤
ከሚሸጡት ይልቅ ለጥገና መጥተው የተረሱት ብዙ ነበሩ።
ኢሪጎይቲ ቆጠረ፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ኪራዩስ ስንት ነው?
"ጥገናውን ተወው፣ ከውጭ አስመጣ፣ ስሙንም ቀይረው።"
ዐሥራ አንድ ገጽ ጻፈ፣ ጠርዞ አስረከበ።
ምክሩ ልክ ነበረ።
ዊልማር ከፈለና ወሰደው፤ የሚወላገድ ጠረጴዛ ነበረው፣
በእግሩ ሥር ደረበው።

"ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይባላል።
እምቢ አላለም እኮ።
እሺ ብሎ ነው ያልቻለው።

ፍሎሬንሲያ ዘንድ ገባ። እሷ መልስ አትሰጥም፤
ጥያቄዋ መርፌ ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም።
"የት መድረስ ትሻለህ? ማን ይዞ አስቀረህ?
እስከ ማክሰኞስ ድረስ የቱን ትሠራለህ?"
"ሰሌዳውን ልቀባ" አላት። ማክሰኞ አለፈ።
ሌላም ማክሰኞ አለፈ።
በሦስተኛው ቀለም ገዛ፣ መሰላል ደገፈ፣
ብሩሹን ነክሮ ወጣ የአባቱን ስም ሊያጠፋ፤
የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ እጁ ቀጥ አለ፤
ቀለሙ ክንዱን ይዞ እስከ ብብቱ ወረደ።

እንደዚያው መጣ። በደረጃ ወጣ፣ እየቆመ፣ እየቆመ።
ፍሎሬንሲያ በር ከፍታ ክንዱን አየች፤
ያን ቀን ምንም አልጠየቀች።
"ይህ የኔ አይደለም" አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀስ ብላ፤
ሄዳም አንኳኳች የጎረቤቷን በር፣ የግራሲኤላን፣ በጫማዋ እንኳ ሳይሆን በካልሲዋ፣ ቸኩላ።

ሞያ ማለት ለእኔ ያች ማንኳኳት ናት፤
ማሳዋ የት እንደሚያልቅ ያወቀችባት።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ፣ በዐሥር ሰዓት፣
ጥራዝ የለ፣ ቀነ ገደብ የለ፣ "ይህን አድርግ" የሚለው የለበት።
ምን እንደሚባባሉ አላውቅም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣
እኔም ጆሮ ጠቢ አይደለሁ።
የማውቀው ቅርጫቱን ነው፦
መጀመሪያ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤
ከዚያ ግማሽ፤
ከዚያ አንዲት ብጣሽ፤
አንድ ሐሙስ ደግሞ፣ በድንገት፣ እንደገና እስከ አፉ።
ፈውስ ደረጃ አይደለም፣ ቆጥረው የሚያልፉ።

አንዴ አሳንሰሩ ውስጥ፣ ሳልጠይቀው፣
"አባቴ የሞተ ቀን ዘነበ" አለኝ፤ "ገበያው ደራ፤
ከሆስፒታል ይደውላሉ፣
እኔ ሱቁን አልዘጋሁም።"
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበርን። ሦስተኛው እስኪደርስ አንድም ቃል አላወጣሁ።

በዚህ ሐምሌ ተመልሶ የኢሪጎይቲን በር አንኳኳ፣
ያን ጥራዝ በብብቱ ይዞ፤ የጠረጴዛው እግር ሽፋኑን ሰርጉዶታል ለካ።
"ገጽ ሰባት አልገባኝም፣ አስረዳኝ" ሲል ሰማሁት።
ሰሌዳው? የአባቱ ስም አሁንም አለ፣ ፊተኛዋ ፊደል ብቻ ደብዝዛ።
ሊቀባው ይሁን ሊተወው እኔ አልጠየቅሁት።

እኔም ከበሬ ጀርባ የተንጠለጠለ የኔሊዳ ጃንጥላ አለኝ፣
ሁለት ዘንጉ የተሰበረ፤
እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት፣ ማንም ያልነካው፣ እንደታጠፈ የቀረ።
ሰውን ሁሉ "በግራ"፣ "በቀኝ"፣ "መጨረሻ ያለው በር" እያልኩ እመራለሁ፤
በእሱ ግን የቱን እንደሚያንኳኩ
እስከ ዛሬ አላወቅሁ።

ዊልማር ሲያልፍ አየው።
"አምጣው፣ ማክሰኞ" አለኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው።
ቅርጫቶቹን ላውጣ።