ዘይት ያልነካው

ልጆቹ መጡ፤ አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አዲሷ ክፍሌ፣
ጓዜ ሳይፈታ፣ ካውያዬ ሳይግል፣ ገና ሳይገባው ለወንበሩ አመሌ።
«ጋሽ ሽብሩ፣ አልበሙ አለቀ፤ ከሰው ሁሉ በፊት አንተ ስማው» አሉ፣
ሶልያና፣ ሙዓዝ፣ ኢዮስያስ፤ በሩ ላይ ተኮለኮሉ።

ባንዱ «ቀጥቃጭ» ይባላል፤ አልበሙ «ተነሺ»።
የልማት ተነሺ ነው? የካሳ ወረፋ ጠባቂ፣ የሌሊት ጓዝ አንሺ?
ወይስ የተኛችውን ነው «ተነሺ!» የምትሏት? ብዬ ጠየቅኳቸው፤
ሶልያና ሳቀች፤ ሰሙንም ወርቁንም ለኔው ትታቸው።

ይህቺው ልጅ ናት፣ ያኔ ዶሮ ማነቂያ፣ ከሱቄ ጀርባ ስትለማመድ፣
ጎረቤት «ሰው ታረደ!» ብሎ የመጣባት፣ በድንጋጤ ሲርድ።
ልኳንዳ ቤቱ ዘገየ፣ ቢላውን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠና፣
«ሰፈሩ ለስሙ የሚመጥን ዶሮ ያገኘው ዛሬ ነው» አለ፤
ተመለሰ ወደ ሥጋው እንደገና።

ከየት አመጣችሁት? ብያቸው ነበር ያኔም።
ደረደሩልኝ የባሕር ማዶውን፣ የበረዶውን ከተማ ስም፤
ሜታሉ ከዚህ፣ ሃርድኮሩ ከዚያ፣ ከበሮው ድንገት የሚከብድበት ከወዲያ።
እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤
የማውቀው የተቃጠለ ፊውዝ፣ የላላ ሽቦ፣ የድምፅ ማጉያ።

ሙዓዝ ጊታሩን አላላው፣ አላላው፤ ክሩ እስኪያጉረመርም።
«ይህ ነው ዲስቶርሽን» አለኝ። እኔ ዝም።
ዐቢይ ጾም ነበር ወሩ፤
መደርደሪያዬ ላይ ያለችው ሬዲዮ በገና ይዛለች፣ እየነዘረ አውታሩ።
እንዚራዋ፣ ያቺ ከአውታሩና ከብርኩማው መሃል የምትሸጎጥ ቁራጭ ቆዳ፣
ድምፁን ሆን ብላ የምታሻክር፣ ጸሎት በልስላሴ እንዳይጎዳ፤
ጣቴን ቀሰርኩ ወደሷ። ልጁ፣ ከጁምዓ የመጣ፣ ጊታሩን ታቅፎ ጠጋ አለ፤
መዝሙሩ አልቆ ማስታወቂያ እስኪገባ ትንፋሹም የለ።

አንደኛው ላይ አለች፣ ያቺ ቆዳ። ሰማኋት።
ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፤ የወያላ ጉሮሮ፣
በዝናብ፣ በስድስት ሰዓት፣ አንድ ሰው የጎደለው።
ሦስተኛው ፉከራ ነው፤ ግን ዘራፍ የለበትም፣ የጣለችው አውሬ፣ የአባት ዝና፤
የቤት ቁጥር ነው የምትፎክረው ሶልያና፦
አራት መቶ አሥራ ሰባት! አራት መቶ አሥራ ስምንት!
በቀይ ቀለም የተጻፈባቸውን በሮች በተርታ እየጠራች።
አራት መቶ ሃያ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።
አላረሙትም። ደግ አደረጉ።

አራተኛውን አልወደድኩትም፤ ነገርኳቸው።
ሰባት ደቂቃ ሙሉ ምን ይሆናል ሲያዘግሙ?
ኢዮስያስ ጣሪያውን አየ።
በአምስተኛው መሃል አንድ ደንበኛ ደወለ፣ ቴሌቪዥኔስ ብሎ፤
«ነገ» አልኩት፤ ውሸቴን ነው።

ከዚያ ስድስተኛው።

ጸጥታ።
ሲጥጥጥ፣ ከዚያ ጓ!
ካውያው እጄ ላይ ቀረ።
ይህን ድምፅ አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰምቼዋለሁ፣
ዘይት ልቀባው እያልኩ፣ ዛሬ ሲመሽ፣ ነገ ሲነጋ።
መጀመሪያ የላይኛው ማጠፊያ ያለቅሳል፣
ቀጥሎ ቆርቆሮው ከግድግዳው ይላተማል፣
ከዚያ ጓጉንቸሩ ሁለቴ፣ ቂል፣ ቂል።
የኔ በር።

ሊፈርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማታ፣ መዶሻውን በፎጣ ጠቅልሎ፣
ስልኩን የመብራት ቆጣሪዬ ላይ ሰቅሎ፣
ኢዮስያስ ደበደበው አሉኝ፣ ክንዱ እስኪዝል።
ስድስተኛው ላይ ሌላ ከበሮ የለም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»
«ብንነግርህ፣ ጋሽ ሽብሩ፣ ዘይት ትቀባው ነበር።»

በማግስቱ በማለዳ መጣሁ።
የአዲሷ ክፍሌ በር መስታወት ነው፤ ሲገፉት ድምፅ አይሰጥም፤
ገባሁ፣ መግባቴን ማንም አልሰማም።
ካፖርቴን ሰቀልኩ። ጃንጥላዬን አቆምኩ።
የደንበኛውን ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ወጣሁት፣ ጀርባውን ፈታሁት፤
ከዚያ ስድስተኛውን ከፈትኩት።