አንዱን ብቻ ለውጡ

ሐሙስ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሰባተኛ «ለ»፤
ስልሳ ስምንት ልጅ ሳፋውን ከቦ
የኋላው በፊተኛው ትከሻ ተንጠላጠለ።
ሳፋው አንድ ለእናቱ፣ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተላጠ፣
«ቅዳሜ አጥብበታለሁ፣ አደራ!» ተብሎ
ከዘበኛችን ሚስት ከወይዘሮ አንጓች
በስንት ደጅ ጥናት ለእኔ የተሰጠ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ ጠመኔው እየተፈረፈረ፦
የምንለውጠው።
የምንለካው።
ከቶ የማንነካው።
«መጽሐፉ የፊተኛውን ‹ነጻ› ይለዋል» ብዬ ሳልጨርስ፣
«እኛ ካዘዝነው፣ ቲቸር፣ ምኑ ላይ ነው ነጻነቱ?»
አለች ጥሩዓለም ከኋላ፣ እርሳሷን እያኘከች።
ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤
ጥያቄዋን ግን በኪሴ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ደንገሉን ያመጣው አንማው ነው፤
አባቱ ታንኳ ያስር ነበር፣ ዛሬ ገበያ ሸክም ላይ ነው።
በስንዝር ለክተን ቆረጥን፤
ሦስት ዘንግ አንድ ላይ፣ አምስት፣ ሰባት አሰርን፤
ሲባጎው ያው ሲባጎ፣ ውሃው ያው ውሃ፣
ጭነቱ የለስላሳ ቆርኪ፣ ከየሱቁ ደጅ የለቀምነው።
«አንዱን ብቻ ለውጡ!» እላለሁ ድምፄ እስኪሻክር፣
«የዘንጉን ቁጥር ብቻ! ሌላው ባለበት ይኑር!»

ባለ ሦስቱ አሥራ አንድ ቆርኪ ቻለ፣
ባለ አምስቱ አሥራ ዘጠኝ፣ ከዚያ ጎኑን ጣለ፤
ባለ ሰባቱ ሲመጣ ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ፤
በሃያ ሰባት የተወራረዱ ነበሩ፣
በአሥራ አራት ላይ ጭነቱን ገለበጠ።

እውነቱን ልናገር፤ ጠመኔዬን አንስቼ
ልጽፍ ነበር «ሃያ ስድስት»፣
ቆጠራው ተሳስቷል ብዬ፣ መጽሐፉን ላስደስት።
አንማው ግን ዘንጉን አወጣ፣ በጥፍሩ ጫን አደረገ፣
አሸተተው። «ይሄ እርጥብ ነው።
የሌሎቹ ከጓሯችን፣ ከአምና የተረፈ፣ ፀሐይ የጠጣ፤
ለሰባቱ አልበቃ ብሎኝ ትናንት ማታ ነው ያጨድኩት
ከሐይቁ ዳር፣ እምቦጩን ገፍቼ።»

ክፍሉ ዝም አለ። አንማው ግን አላበቃም፦
«አባቴ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመለስ
ታንኳው የተገለበጠ ዕለት፣
ጎረቤት ‹ጭነት አብዝቶ ነው› አለ፣
እናቴ ‹ንፋሱ ነው›፣
አጎቴ ‹ደንገሉ ውሃ ጠግቦ ነበር›።
የትኛው ነው፣ ቲቸር፣ የተለወጠው?»

አባትየው ዋኝቶ ወጥቷል። ሐይቁን ግን
ከዚያ ወዲህ በጎን እንጂ ፊት ለፊት አያየውም።

በመስኮቱ ጣና ይታያል፣ ሲነጣ፣ ሲጠቁር፣
ደመናውን፣ ንፋሱን፣ ማዕበሉን በአንዴ ሲለዋውጥ፤
ማን ነው «አንዱን ብቻ» የሚለው? በየትኛው ጠመኔ?
አፌን ከፈትኩ። ቀደመኝ ደወሉ፣ ያ የቸርኬ ብረት፤
ከሦስቱ መስመር ሥር አራተኛ ጨመርኩበት፦
ያላየነው።

እርጥቦቹን ዘንጎች ቆርቆሮው ላይ አሰጣናቸው፣
እስከ ሌላ ሐሙስ።
አሥራ አራትን አልሰረዝኩትም።
ሳፋውን ልመልስ ሄድኩ፤ ወይዘሮ አንጓች አሸተቱና
«ምነው ሐይቅ ሐይቅ አለኝ?» አሉ።
በሳሙና ሁለቴ አጠብኩላቸው፤
ሽታው ግን አለ።