ክሊራንስ

አሥራ አንድ ፊርማ፣ አሥራ አንድ ማህተም፣
ከዚያ በኋላ እዚህ ግቢ ስሜ የለም።

ሚያዝያ ነው፤ የአዳማ ሙቀት ገና በሦስት ሰዓት
ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ እንደ አበዳሪ በጠዋት።
እኔም ወረቀቴን ይዤ፣ ከበር ወደ በር፣
ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ሰፈር
እንደ እንግዳ እጠይቃለሁ፦ «ኃላፊው አሉ?»
«ለሻይ ወጥተዋል፣ ይጠብቁ» በሁሉም በር ይላሉ።

ቤተ መጻሕፍት፣ ነጻ ነኝ። ክሊኒክ፣ ነጻ ነኝ።
ክበቡ የአንድ ሽሮ ዱቤ አለብህ አለኝ፤
ከፈልኩ።
መቼ እንደበላሁት እኔም እሱም አናውቅም።

ዕቃ ግምጃ ቤት ጋሽ ሸምሱ መነጽሩን ገፋ፣
የመዝገቡን አቧራ እፍ ሲል ፊቱ ለአፍታ ጠፋ።
«አንድ ቱምቢ፣ የነሐስ። ዘጠና ሦስት፣ ኅዳር።
ፊርማው ያንተ ነው፣ መምህር። ዕቃው የት ነው? ተናገር።»

ቱምቢ!
በክር ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ ምድር ልብ የሚያይ፣
ነፋስ ካልነካው በቀር ከቀጥታው የማይለይ።
ስንቱን ልጅ ሜዳ አወጣሁበት፣ በዚያ በበጋ ንዳድ፣
ሦስት እግሩን ተክለን፣ አንድ ዓይን ጨፍነን፣ በመሬት ስንፈርድ።
በአሮጌው ሌንስ ዓለም ተገልብጦ ነው የሚታየው፤
ከኮረብታው የነፋስ ማማዎች ቁልቁል ይበቅላሉ፣ ሰማዩ ሥር ነው።
«ቲቸር፣ ተገለበጠ!» እያሉ ስንቴ አዲሶች መጡ፣
«ልመዱት» አልኳቸው፤ ለመዱት፤ ወጡ።

ለምን ተውከው ይሉኛል።
ለባለ ሱቁ፣ ደመወዙ ነው። ለጓደኛዬ፣ ጉልበቴ።
መልስ የማይበቃት አንድ ሰው አለች፣ እሷም ሚስቴ።
እውነቱ፦ አንድ ማክሰኞ፣ ጠመኔ ይዤ ቆሜ፣
የዛሬ አሥር ዓመቱን ቀልድ ቀለድኩ ደግሜ፤
ልጆቹ ሳቁ።
ከሳቃቸው ሥር አንድ ሰው ሲያዛጋ ሰማሁ።
ዞር አልኩ።
እኔው ነበርኩ።

ደግሞ ሁንዴ አለ። በሁለት ነጥብ የጣልኩት።
ሕግ ነው አልኩ፣ ሕግም ነበር፤ ስምንት ዓመት ግን ተሸከምኩት።
እሱንስ በየትኛው ቢሮ ነው የሚያስረክቡት?

የመጨረሻው ፋይናንስ ነው። ኩለኒ ናት እዚያ ያለችው፣
ያስተማርኳት፣ መሬት መለካት ትታ ብር የምትለካው።
ቀና ሳትል ትደምራለች፣ የወሩን፣ የዕረፍቱን፣ የጡረታ፤
እኔ ቆሜ አያለሁ የእስክሪብቶዋን ሽውታ።
ሰባት ላይ ደረሰች፤
ወገቡን በአጭር ሰረዝ አሰረች።

ይሄ የኔ ነው! እዚህ ማንም ሰባትን እንዲያ አይጽፍም።
«ወገቡን እሰሩት! አንድ ከመሰለ ድልድዩ አይቆምም!»
ብዬ የጮህኩት ነው፣ ሸሚዜ በላብ ርሶ፣ ድምፄ ተዘግቶ፣
ግማሹ ክፍል ጥላ ፍለጋ ግራሩ ሥር ገብቶ።

«ከየት ለመድሽው?» አልኳት።
«የቱን?»
«ሰባቱን።»
አየችው፤ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ አየችው።
«እኔ እንጃ፣ ቲቸር» አለች፣ «ድሮም እንዲህ ነው የምጽፈው።»

አልነገርኳትም።
ከአሥራ አንዱ በር ይህን መልስ ያለኝ የለም።

የቱምቢውን ሠላሳ አምስት ብር ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣
በባጃጅ ቤቴ ገባሁ፣ አንድ ካርቶን ታቅፌ፣ ዝም ብዬ።
ማታ መስኮት ስከፍት አንድ ነገር ግድግዳውን ቋ አደረገው፤
መጋረጃው ጫፍ ላይ ታስሯል፣ ነፋሱ እንዳያነሳው።
ነሐስ ነው።
«ይሄ?» አለች ሚስቴ፣ «ከካፖርትህ ኪስ ነው ያገኘሁት፣
ስንት ዓመቱ! የምትፈልገው አልመሰለኝም ስትተወው።»

ነፋሱ ከወንጂ በኩል መጣ፤ ወዲያ ወሰደው፣ ወዲህ መለሰው።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ቀጥ እስኪል ልጠብቀው።
አልቸኮልኩም።
ነገ ክፍል የለኝም።