ሩብ ስኒ

ሠላሳ አንድ ዓመት ዳቦ ጋግሬአለሁ፣
ቫልፓራይሶ ስትተኛ እኔ ነቅቻለሁ፤
ወደቡ ላይ ያደሩ ጫኝና አውራጅ ሁሉ
«ኤሊሴዮ፣ ትኩስ አለህ?» በመስኮቴ ሲሉ፣
አንዱን ለእነሱ ሸጥሁ፣ ሁለቱን ለራሴ፤
እንዲህ እንዲህ ሲል ነው የጠበበኝ ልብሴ፣
እንዲህ እንዲህ ሲል ነው የጠበበችኝ ነፍሴ።

በገመዱ ባቡር ዳገቱን ስወጣ፣
ትኬት ቆራጩ አናክሌቶ፣ ቀልድ የማያጣ፣
«ለሁለት ሰው ክፈል» ይለኛል በጨዋታ፤
አብሬው እስቃለሁ። የማለቅሰው ማታ።

አሁን ግን ሐኪሞች ሦስት እጁን ወስደው
ሙዝ የምታህል ከረጢት ሰፉልኝ ከቀረው።
«የት ጣላችሁት?» ብል ነርሷ ዝም አለች፤
መጋረጃ ስባ መርፌዋን ነቀለች።
ስንት ሰርግ የሚያውቅ፣ ስንት የቀብር ምሳ፣
የእናቴን ድስት ያየ ጓዳ፣ እንዲህ በዋዛ ይረሳ?

የመጀመሪያው ሳምንት ውሃ በጠብታ፣
በየአሥር ደቂቃው አንድ ፉት በተርታ፤
ስቡ የተገፈፈ የዶሮ መረቅ፣
ማንኪያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቀዩ ጄሊ የሚስቅ፣
የሚስቀው በእኔ ይሁን በኖርማ
እስካሁን አላወቅሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ዱባ ተፈቀደ፣
ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት የወረደ፤
ልኬ ሩብ ስኒ ነው፣ ከዚያ አያልፍም ጠብታ።
ልጄ ሶሌዳድ መጣች ማይቴን ይዛ የዚያን ለታ፤
ስድስት ወር ሞልቷታል፣ የታዘዘላትም ዱባ፤
በአንድ ድስት ተገናኘን፣
እኔ ከገበታ ስወጣ፣ እሷ ስትገባ።

ማይቴ ትተፋዋለች፣ ትጨብጠዋለች፣
ጆሮዋ ውስጥ ሳይቀር ዱባ ትከታለች።
እኔ ጥርስ የማይሻን ሃያ ጊዜ ማኘክ፣
ከሰዓት መፋጠጥ፣ ማንኪያዬን ማምለክ።
ለሷ ይጨበጨባል አንድ ጊዜ ስትውጥ፤
ለእኔም ልጄ አጨበጨበች፣ ሳታስበው፣ በድንገት፣
ከዚያ እጇን ከጠረጴዛ ሥር ደበቀች።

በሦስተኛው ሳምንት እንቁላል፣ ለስለስ ያለ።
ቀስ በል ተብያለሁ። ጆሮዬ ሰምቷል፤
እጄ ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ አለው።
አንዴ ጎረስሁ። ደገምሁ። ሦስተኛውን
ከመዋጤ በፊት
ደረቴ ላይ ሰው ጉልበቱን ተከለ፤
ምራቄ እንደ ወንዝ ሞላ፣
ግድግዳ ይዤ ወደ መታጠቢያው ሮጥሁ።
ኖርማ ከበሩ ውጪ «ምን ሆንህ?» አላለች፤
ራዲዮ ከፈተች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሽታው ዳገት ወጣ።
ኖልቤርቶ እርሾውን አስረጅቶት ጎምዝዞ መጣ።
በመስኮት አሸተትሁ፣ እንዲጠራኝ ጠብቄ፤
አልጠራኝም። ሆዴ ዝም አለ፣ እጄን ብጭን በጨነቀኝ ላይ ጨንቄ።
ሰው ረሃቡን ይናፍቃል? እኔ ናፈቀኝ፤
እንደ ክፉ ጎረቤት፣
ሲጮኽ ስንት ዓመት ያስመረረኝ፣
ቤቱን ለቆ ሲሄድ
የግድግዳው ጸጥታ እንቅልፍ የነሣኝ።

ሱሪዬን በገመድ ማሰር ጀምሬአለሁ።
በአምስተኛው ሳምንት ዓሣ ተፈቀደ፤
ኖርማ ከገበያ ትንሽ ሜርሉሳ አመጣች፣
በእንፋሎት አብስላ አጥንቱን ለቀመች፣
በሹካ ጫፍ ፈርፍራ፣ በሩብ ስኒ ለክታ
ፊቴ አስቀመጠችው። ፊት ለፊቴም ተቀመጠች፣
የራሷን ሳትነካ፣ ከንፈሬን እያየች።

ጎረስሁ። ሃያ ጊዜ አኘክሁ።
ማንኪያውን አስቀመጥሁ።
ባሕሩ ላይ አንድ መርከብ ጡሩምባ ነፋ።
ዋጥሁ። ጠበቅሁ። ጉልበት አልመጣም፣ ምራቅ አልሞላም።

«ጨው አንሶታል» አልሁ።

ኖርማ ሹካዋን ጥላ
ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች፤
«መጣህ እንዴ?» አለች።