አረንጓዴ እርሳስ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሲነጋጋ ብርኖ፣
አራት ቁጥር ትራም በረዶ ተከድኖ፣
ከኋላ ወንበር ላይ፣ ካፖርቷን ሳትፈታ፣
የሠላሳ ተማሪ ፈተና ዘርግታ፣
አረንጓዴ እርሳስ በጥርሷ ነክሳ፣
የጣለችውን ልጅ ታሳልፋለች መልሳ፤
ድራሆሚራ ስላቪኮቫ።
ቀን ቀን አስተማሪ፣ ማታ ጸሐፌ ተውኔት፤
ለራሷ የተረፋት ትራም ውስጥ ያለው ሰዓት።

በሃያ ስድስቷ ያወጣችው ተውኔት
መድረክ ላይ የቆየው አንዲት ሌሊት ናት።
ከትያትር ቤቱ በር ማስታወቂያው ወጣ፤
ለምን ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ታጣ።
ከዚያ ዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል ሰጣት፣
ማሞቂያው የሚያስል፣ መስኮቱ የማይዘጋላት።
«መጻፍ የከለከሉኝ ማስተማር ፈቀዱ፤
ተኩላዋን በጎች መሃል ለቀው ሄዱ!»
ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ቀልድ ደገመችው፤
በየዓመቱ ግን ትንሽ ሳቅ ቀነሰችው።

ክፍል ስትገባ ወንበሩን ታዞራለች፤
«ይህ ወንበር ማንን ይፈራል?» ትጠይቃለች።
«ወንበር ምን ይፈራል!» ብሎ ቦሁሚል ሳቀ፤
የቀረውን ትምህርት ከኮሪደር፣
በቁልፍ ቀዳዳ አዳምጦ ዘለቀ።

የራሷ ተውኔቶች መሳቢያ ውስጥ ያድጋሉ፤
ገጸ ባሕርያቱ አብረዋት ያረጃሉ፤
ሙሽራዋ በሦስተኛው ረቂቅ መበለት ሆነች፤
ሐኪሙ ጡረታ ወጣ፤ ድመቷ ብቻ አልሞተች።

እኔ ከአሰላ የሄድኩ ለእርሻ ትምህርት ነበር፤
የአንድ ጸሐፊ ስህተት ጣለኝ ከትያትር በር።
ቼክኛዬ ገና በዳዴ ሲራመድ
ፈተናው ደረሰ፣ ጥያቄው ወጥመድ፦
ስለ አንድ ዘበኛ፣ በአንድ ገጽ።
«ሰውየው ሌት ተቀን በሩን ይጠብቃል»
ልል ነበር ሐሳቤ፤ መንገዱ ጠፍቶኛል፤
የቃሉን ጭራ ስስት ነገሩ ተገልብጦ
ተገኘ በሩ ዘብ ሆኖ፣ ሰውየው ተቀምጦ፦
«በሩ ሰውየውን ይጠብቃል።»

ወደቅሁ። ከሃያ፣ ስድስት። አረንጓዴው እርሳስ
ያችን መስመር ዞሯታል ከጫፍ እስከ ጫፍ ድረስ፤
ከጎኗም በደቃቅ ጽሕፈት ይነበባል፦
«ስህተት ነው። አታርመው።»
ይህ ምን ማለት ይሆናል?

በመጨረሻ እርሻው አገኘኝ። ገብስ አጠናሁ፤
ኦሎሞትስ አጠገብ ሥራ ይዤ ቀረሁ።
ዘመን ተገለበጠ። መሳቢያዎች ተከፈቱ።
የሷ ግን በእርጥበት አብጦ አስቸገረ መክፈቱ።

አንድ የኅዳር ማታ ትኬት መጣ በፖስታ፤
ወንበር ቁጥር አሥራ አራት፣ የፊተኛው ተርታ።
መድረኩ ባዶ ነው፤ አንድ በር ብቻ ቆሟል፤
ግድግዳ የሌለው በር፤ አንድ ሽማግሌ ተደግፎታል።
ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ
እሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ መጨረሻው መጣ።
ያን ጊዜ ዞር ብሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
ቃሌን ተናገረው፣ ያንኑ ስህተት፣ ጠንቅቆ።
«በሩ ሰውየውን ይጠብቃል» አለ።
የተጀመረ ሳል መንገድ ላይ ተንጠለጠለ።

ሳምንት ሳይሞላ ፖስታ መጣልኝ በስሜ፤
ገንዘብ ነው፤ ቆጠርኩት ሁለቴ ደጋግሜ።
«ለአንድ ዓረፍተ ነገር» ይላል በእጇ ጽሕፈት፤
«ውጤትህ አልተለወጠም። ሰዋስው ሰዋስው ናት።
እኔ ግን ያን በር ስንት ዘመን ቆሜበት
ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያወቅሁት ካንተ ስህተት።»
ገንዘቡን ላስቀምጠው ነበር፣ ለክብሩ።
ጫማ ገዛሁበት። በረዶ ነበር በአገሩ።

ባለፈው ማክሰኞ ብርኖ፣ ትራም ስሳፈር፣
ከኋላ ወንበር ላይ ያው ካፖርት ነበር።
ጡረታ ወጥታለች። የሚታረም ወረቀት የለም፤
እጇ ግን አልሰማም፤ ማረፍ አያውቅም፤
መስኮቱ ላይ ያለን የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ
በአረንጓዴ ታርመዋለች እስከ መጨረሻው ጣቢያ።
ስሟን ጠራሁት። ቀና ሳትል እጇን አነሣች፦
«ቆይ። እዚህ ጋ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጠፍታለች።»