የአንድ ክንድ ገመድ

ጥር ነው፤ የነብራስካ ሜዳ በረዶ ተከናንቧል፤
ኦርቪል ከነተሳቢው ጋራዤ ደጃፍ ቆሟል።
«ማይኩን ስጫነው» አለኝ፣ «የላክሁት ኃይል ይመለሳል፤
ሲቢ ራዲዮዬ እንደ ረመጥ ግሎ፣ ሽታው ዐይን ያቃጥላል።»

ሩቁን ጠረጠርን፤ መቼም የሰው ልማድ ነው፤
ጣሪያው ላይ ወጥቼ፣ ጣቴን ብርድ እስኪበላው፣
አንቴናውን አሳጠርሁ፣ የመሬት ሽቦውን ፋቅሁ፤
ከማጉያው ወዲያ ስለካ፣ አንድ ነጥብ ሁለት አነበብሁ።
ንጹሕ!
ወዲህ ስለካ ግን፣ በራዲዮውና በማጉያው መሐል፣
መርፌው ሦስትን አልፎ ቀዩ ላይ ይዋልላል።
ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ባንድ መደርደሪያ ያሉ፣
በአንድ ክንድ ገመድ መሐል ሁለት ሳጥኖች ተጣሉ።

ጫፉን ፈታሁት። ብየዳው ላዩ ያብረቀርቃል፤
ሳብ ሲያደርጉት ግን እንደ ወተት ጥርስ ይወልቃል።

«ማነው የበየደው?» አልሁት። ወደ በረዶው ዞረ፤
«ክሌተስ» አለ፣ «ልጄ... ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበረ።»
(ክሌተስም ሹፌር ነው ዛሬ፤ በዚሁ መንገድ ያልፋል፤
አባቱ ሲጣራ ይሰማል፤ ቻናሉን ይቀይራል።)

አዲስ በየድሁ፤ መርፌው ተኛ። አሮጌውን ልጥል ስነሳ፣
«ተወው» አለና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤
ማይኩን ግን አላነሳ።